ለአንድ ፊርማ ሃያ አንድ ሴት

ጣቢታ ሃያ አንድ ሴት አስጸለየችበት። ለሶላር ፈቃድ። በሰውየው በራሱ ሳሎን፣ ሰውየው ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ ቤት ቁጭ ብሎ እየሰማ። በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ዓይን ተጨፍኖ፣ እጅ ተነስቶ፣ አንዷ እንባዋን በነጠላ እየጠረገች፣ "ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን የዘርአብሩክን እጅ አንተ ራስህ ይዘህ አስፈርም" እየተባለ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ለስንት ነገር ተጸልዮ ያውቃል፣ ለማትሪክ፣ ለቪዛ፣ ለጉልበት ሕመም፣ ለደቡብ አፍሪካ መንገድ። ለጣሪያ ላይ ሶላር ግን ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ግን ቆይ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን፣ ከጠዋቱ እንነሳ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጣቢታ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ኮሪደር ውስጥ ቆማለች። ረቡዕ ነው። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ ምክንያቱም መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሦስት ሰዎች ፋይላቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሙራድ የሚባለው ልጅ፣ ማለት የቢሮው ሠራተኛ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ወረቀቷን በስልኩ ባትሪ እያበራ ያነባል። ፎርሙ ላይ አራት መስመር አለ፣ ለአራቱም አዋሳኝ። ጎረቤቶችሽ ሁሉ ተስማምተናል ብለው መፈረም አለባቸው። ለምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ባለፈው ክረምት ታች ሰፈር ንፋስ አንዱን ፓኔል ከነቆርቆሮው ነቅሎ ጎረቤት ግቢ የታሰረች ላም ላይ ጥሎታል። ላሟ ተርፋለች፣ ሰዎቹ ግን እስካሁን አይነጋገሩም። ከዚያ ወዲህ ፓኔል የሚገጥመው ጁነዲን ማህተም ያለበት ወረቀት ካላየ መሰላሉን ከመኪና አያወርድም።

"ሰሜን መንገድ ነው" አለ ሙራድ። "መንገድ አይፈርምም፣ እሱን አልፈነዋል። ምሥራቅ ፈርሟል። ደቡብ ፈርሟል። ምዕራብ የት አለ?"

"ምዕራብ እየጸለየበት ነው።"

ሙራድ ባትሪውን ከወረቀቱ ላይ አንስቶ ፊቷ ላይ አበራው፣ ከዚያ አፍሮ መልሶ አወረደው። "ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሦስት ሳምንት።"

"አብዛኛውን ጊዜ ስንት ይፈጃል? እኛ ጋ እንደዚህ የለም፣ ለዛ ነው የምጠይቅሽ።"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። ጣቢታም ሳቀች፣ ግን ሙራድ ቀጥሎ የተናገረው ሳቋን ቆረጠው። ፋይሏ ዛሬ ሠላሳ ቀን ይሞላዋል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ምዕራብ ካልፈረመ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከቻ፣ እንደ አዲስ ወረፋ፣ መሐንዲሱም እንደ አዲስ መጥቶ ጣሪያውን ያያል። መሐንዲሱን አንዴ ለማምጣት አስራ ሰባት ቀን ፈጅቶባታል። "እኔ ብችል መንገዱን አስፈርሜ እሰጥሽ ነበር እህቴ" አላት ሙራድ፣ "ግን ከአስራ አንድ በኋላ ኃላፊው ማህተሙን ቆልፎ ነው የሚሄደው።"

አሁን ምዕራብ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምዕራብ ዘርአብሩክ ነው፣ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም። ግቢያቸው በአንድ አጥር ብቻ ነው የሚለየው፣ እሱ ሲያስል ጣቢታ ጋ ይሰማል፣ ጣቢታ ጋ ሽንኩርት ሲጠበስ እሱ ጋ ይሸታል። መምህር ነው፣ ቸርች ውስጥ ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ ሲበዛ ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እና ያ ነው ችግሩ። እምቢ ቢላት ትጣላው ነበር። እሱ ግን እምቢ አላለም። መጀመሪያ ቀን ፎርሙን ይዛ ስትሄድ ሻይ አስቀዳላት፣ ፎርሙን በመነጽሩ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ አጥፎ መለሰላትና "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እስኪ ልጸልይበት" አላት። በሳምንቱ "እየጸለይኩበት ነው።" በሌላው ሳምንት አጥሩ ጋ ተገናኝተው ገና አፏን ሳትከፍት አንገቱን ነቅንቆ "በጸሎት ላይ ነው ያለው" አላት። እየጸለየ ያለን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ጸሎትህን አፍጥን ይባላል? እዚህ አገር ይሄን አንድ ቃል ይዞ ሰው ዓመት መቀመጥ ይችላል፣ ማንም ቀና ብሎ አይናገረውም።

ቤቷ ስትደርስ ሀሊማ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ሀሊማ የጓሮውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር የቅመም ነጋዴ ናት፣ ዛሬ ገበያ ያልወጣችው ለጣቢታ እንቁላል ብላ ነው። ሁለቱም ቀጥታ ወደ ትንሿ ክፍል ገቡ። ክፍሏ ድሮ የባሏ የሚክያስ መጻሕፍትና የደቡብ አፍሪካ ሻንጣ የሚቀመጥባት ነበረች፣ አሁን መሀሏ ላይ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኑ ቆሟል፣ ፍሪጅ የሚያክል፣ ሁለት መቶ ስልሳ እንቁላል የሚይዝ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይሞታል፣ እንቁላሎቹ ደግሞ ቀስ እያሉ ይከተሉታል። ስለዚህ ሀሊማ ከሌሊት ጀምሮ ከሰል ላይ ውሃ እያፈላች በሃይላንድ እየሞላች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች በእንቁላሎቹ መሀል ትደረድራለች፣ ሲቀዘቅዝ ታወጣለች፣ ሌላ ታስገባለች። እጇ ቀልቷል። ማሽኑ ላይ ሁለት ብርድ ልብስና የጣቢታ የክረምት ካፖርት ተደርቦበታል። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አምስት ይላል፣ ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን ነበረበት። አልጋ ስር ደግሞ አራት ፓኔልና አንድ ባትሪ ካርቶናቸው ሳይከፈት ተኝተዋል፣ ወር ሙሉ።

ባለፈው ዙር መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ፣ በሃያ አንደኛው ቀን አንድም ጫጩት አልወጣም። ጣቢታ አንድ በአንድ ሰብራ አየቻቸው፣ ላባ አውጥተው፣ ምንቃር አውጥተው፣ እዚያው ቀርተዋል። ያን ቀን አላለቀሰችም፣ ቅርፊቱን ጓሮ ቀበረችና በነጋታው ሶላር ልትጠይቅ ወጣች። አሁን ያለው ዙር አስራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጫጩቶቹ ገና ሳይፈለፈሉ ሀቢቾና ዶዮገና ላሉ ገበሬዎች ቃል ገብታላቸዋለች። ይሄም ከሞተ ማሽኑን ትሸጠዋለች፣ ለራሷ ወስናለች፣ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዋ ከደቡብ አፍሪካ የሚላክ ነገር እየጠበቀች ትኖራለች። ሚክያስ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። በወር አንዴ ይደውላል፣ ስለ ሶላሩ ስትነግረው "ጋሼን አማክሪው" አላት፣ ወዲያው ኔትወርኩ ተቆረጠ። ወይም ቆረጠው።

"ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል?" አለች ሀሊማ ሃይላንዱን እየጠቀለለች። "ዛሬ ሴቶቹ የት ነው የምትሰበሰቡት?"

የሴቶች ጸሎት በየሳምንቱ ረቡዕ ስምንት ሰዓት በተራ ቤት ለቤት ነው የሚዞረው። ዛሬ ተራው የአስናቀች ነው። አስናቀች የዘርአብሩክ ሚስት ናት። ጣቢታ እንቁላሏን እያሞቀች ልትቀር ነበር ሐሳቧ። አሁን ግን ካፖርቱን ከማሽኑ ላይ ልታነሳ ብላ ተወችው፣ ነጠላዋን ብቻ ደረበች፣ ፎርሙን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችና "አደራሽን፣ ከሠላሳ አምስት እንዳይወርድ" ብላ ወጣች።

ስትደርስ ሴቶቹ ገና እየገቡ ነው፣ በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። አስናቀች ማድ ቤት ሻይ በቴርሞስ እየሞላች ነበር። አስናቀች ብዙ አትናገርም፣ አስራ ሁለት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረው ጣቢታ ድምፅዋን የምታውቀው መዝሙር ስትዘምር ነው። ስለ ፊርማው አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ያፈራሉ፣ ሁለቱም። ጣቢታ ብርጭቆ ልታጣጥብላት ጎንበስ አለች።

"በአንቺ በኩል ማን ፈረመ?" አለች አስናቀች ድንገት፣ በሀዲይኛ፣ ቀና ሳትል።

"እኔ።"

"ሚክያስ ሳይኖር?"

"ስሜ የይዞታ ካርታው ላይ አለ። የሁለታችንም ፎቶ አለ። ከሁለት አንዱ ይበቃል አሉኝ፣ የመጀመሪያ ቀን።"

አስናቀች የቴርሞሱን ክዳን አጥብቃ አዞረች። "የእኛም ላይ ፎቶዬ አለ" አለች፣ ለቴርሞሱ የምትነግረው ይመስል። ከዚያ ትሪውን አንስታ ሄደች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ከመመገቢያ ጠረጴዛ የተሳቡት ወንበሮች፣ ሁሉም ሞልቷል። መብራት ስለሌለ መጋረጃዎቹ ተገልጠዋል፣ የመኝታ ቤቱ ሲቀር። እዚያ ዘርአብሩክ አለ፣ ረቡዕ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ የለውም፣ የተማሪ ፈተና ያርማል። ከተዘመረ በኋላ የሕብረቱ መሪ እትዬ አዜብ ደብተሯን ከፍታ የጸሎት ርዕስ መጻፍ ጀመረች። እትዬ አዜብን ያላየ የለም፣ ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘርአብሩክን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረችው እሷ ናት። አንዷ ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ ሞዛምቢክ ከደረሰ ወዲህ ድምፁ ጠፋ አለች። አንዷ ወገቤን አለች። ከዚያ ጣቢታ ተነሳች።

"እኔ ስለ ወንድማችን ስለ ዘርአብሩክ ነው" አለች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻውን እየጸለየልኝ ነው፣ እንደ ጎረቤት በሶላሩ መስማማት አለመስማማቱን። ለአንድ ሰው ከባድ ሸክም ነው። ደክሞት ይሆናል። ቢሮው ደግሞ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። እባካችሁ እናግዘው።"

አንዷ ሳቋን በሳል ሸፈነች። እትዬ አዜብ መነጽሯን አስተካክላ ጣቢታን በደንብ አየቻት፣ መጋረጃውንም አየችው፣ ከዚያ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ እየጻፈችም ጮክ ብላ አነበበች፣ "የወንድም ዘርአብሩክ ፊርማ።" የልጇ ድምፅ ከጠፋባት እናትና ከወገብ ሕመሙ ቀጥሎ። ጸሎቱ ሲጀመር ቤቱ ተናወጠ። ሴቶቹ ገሚሶቹ ከልባቸው ነው የጸለዩት፣ ገሚሶቹ ደግሞ እስከ ዛሬ ለራሳቸው ባል ማለት የፈለጉትን ሁሉ ነው በዘርአብሩክ ስም ያወጡት። ጣቢታ ዓይኗን ጨፍና ሃይላንዶቹን ብቻ ነበር የምታስበው፣ ይሄኔ ሦስተኛው ዙር ቀዝቅዟል እያለች።

አሜን ሲባል መጋረጃው ተገለጠ። ዘርአብሩክ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ቸርች በር ላይ ሰው ሲቀበል የሚስቀውን ሳቅ እየሳቀ ወጣ። "እህቶች፣ ተባረኩ" አለ። "ነገሩን በጌታ ፊት አቅርበነዋል። መልሱን እየጠበቅን ነው።"

"ታዲያ እስካሁን ጌታ ምን አለህ?" አለችው እትዬ አዜብ።

ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ያስታውቃል። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፣ ግን ውስጡ ባዶ ሆነ።

"እስካሁን... ምንም አላለኝም።"

"እኛን እሺ ብሎናል" አለች ምንጣፉ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ እና በቃ፣ ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። ዘርአብሩክ አልሳቀም። ጣቢታን አያት፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አያት፣ እና እውነቱ አመለጠው። "ወንድሜ አገር ውስጥ የለም። ቤቱ የወንድሜ ላብ ነው። ነገ መጥቶ ማን በቤቴ ላይ አዘዘ ቢለኝ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ሴት ብቻዋን ጣሪያ ላይ ይሄን ያህል ነገር ስታወጣ ዝም ብዬ ላይ ነው?"

"ፓኔሉ የእኔ ላብ ነው ጋሼ" አለች ጣቢታ። "ካርታውም ላይ አለሁ።"

"ፊርማ እንዲህ በጭብጨባ አይወሰድም" አለና ፊቱን ወደ መጋረጃው መለሰ። ያ ነበር፣ አለቀ፣ ጣቢታ ፎርሙን መልሳ ልታጥፈው ነበር። ያኔ አስናቀች የሻይ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ አንድም ብርጭቆ ሳይጋጭ። ሄዳ ከባሏ ጆሮ ላይ እስክሪብቶውን አወጣችው። ከዚያ ቀይ መሆኑን አይታ መለሰችለትና የእትዬ አዜብን ሰማያዊ ተቀበለች። ፎርሙን የመጽሐፍ ቅዱሱ ክዳን ላይ ዘርግታ ምዕራብ የሚለው መስመር ላይ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ጻፈች፣ በተማሪ ቤት ጽሕፈት፣ ፊደል በፊደል፣ ከጎኑ ፈረመች። ዘርአብሩክ በሩ ላይ ካለው የጫማ ክምር የራሱን ፈልጎ ወጣ፣ ቸኩሎ ግራና ቀኙን አቀያይሮ ነው ያደረገው።

ዝናቡ ሲጀምር ጣቢታ ባጃጅ ውስጥ ነበረች። ሾፌሩ ጭቃውን ፈርቶ በላይኛው መንገድ ልዙር አላት፣ በታችኛው ብላ ጮኸችበት። ቢሮው ስትደርስ አስር ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ሙራድ ፎርሙን አነበበ።

"አስናቀች ማን ናት?"

"ምዕራብ ናት።"

አልተከራከራትም። ተነስቶ መደርደሪያው ላይ ከአቧራው ስር የዘርአብሩክን ማኅደር አወጣ፣ የካርታውን ኮፒ ገለጠ። ሁለት ፎቶ። በግራ ዘርአብሩክ ከረባት አስሮ፣ በቀኝ አስናቀች፣ ፎቶ አንሺው ሳቂ ሳይላት አልቀረም፣ ልትስቅ ስትል ነው የተነሳችው። ሙራድ ፊርማዋን ከፊርማዋ አስተያየና ወደ ኃላፊው ክፍል ገባ። ሲመለስ ወረቀቱ ላይ ክቡ ማህተም ገና እርጥብ ነበር። "እንዳይበላሽ ንፊበት" አላት። ነፋችበት።

በሩ ላይ ሌላ ባጃጅ ቆሟል። ዘርአብሩክ ወረደ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ጃንጥላ የለውም። ከኋላ አስናቀች ተቀምጣለች። ሰውየው አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቀርቦ በሀዲይኛ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት ማለት ይቻላል፣ "ጣቢታ" አላት፣ "አስራ አራት ዓመት የሰው ትዳር ሳስታርቅ ኖሬያለሁ። ሚስቱ በፊቱ ፈረመችበት ከተባልኩ እሁድ ምን ብዬ እቆማለሁ? ወረቀቱን ስጪኝ። ጠዋት አብሬሽ እመጣለሁ፣ የእሷን አሰርዤ የእኔን አስገባለሁ፣ እዚያው ይታተምልሻል። ቃሌ ነው። ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

ዋሽቷት አያውቅም። እውነት ነው። ሚክያስ የሄደ ሰሞን ልጇ ታሞ ሌሊት በጀርባው ተሸክሞ ሆስፒታል የሮጠው እሱ ነው። እጁን ዘርግቷል፣ መዳፉ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጣቢታ ባጃጁ ውስጥ ወዳለችው ሴት ዞረች። "አስኑ፣ ምን ላድርግ?"

"እኔ ስሜን ጽፌ ጨርሻለሁ" አለች አስናቀች። "ወረቀቱ ያንቺ ነው።"

ጣቢታ ወረቀቱን ከነጠላዋ ስር አወጣችው። ዘርአብሩክ ሊቀበላት እጁን ከፍ አደረገ። እሷ ግን አልሰጠችውም፣ እንዲያየው ብቻ ገለጥ አደረገችለት። "ጋሼ፣ ማሰረዝ አያስፈልግም" አለችው። "እርስዎም ከፈለጉ ይፈርሙ። ከእሷ ስር ቦታ አለ።"

እጁን አወረደ። ከዚያ ባጃጁን ለሴቶቹ ትቶ በእግሩ ሄደ፣ ዳገቱን፣ በጭቃው።

ፓኔሎቹ በነጋታው ጣሪያ ላይ ወጡ፣ አራቱም፣ ማሽኑም መሞቅ ጀመረ። ዘርአብሩክ እስከ ዛሬ ጣቢታን ሰላም አይላትም፣ እሁድ ደግሞ ሞልቶ የማያውቀው የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አስናቀችም አጠገቡ፣ መሀላቸው የአንድ ሰው ቦታ አለ። እትዬ አዜብ ደግ አደረገች ትላለች። ሀሊማ ደግሞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ያፈላችው ሀሊማ፣ እኔ ብሆን እሰጠው ነበር፣ ለአንድ ሌሊት ምን አለበት ትላለች። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ ቸርች በር ላይም፣ ገበያም፣ ባጃጅ ውስጥም ወሬው ይሄ ነው። እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ ዋሽቷችሁ የማያውቅ ሰው ዝናብ ውስጥ እጁን ዘርግቶላችሁ ቢቆም፣ ወረቀቱን ትሰጡት ነበር?